«ስልኬ ላይ እንዲህ አልነበረም»፦ ቀለም ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲሄድ ለምን ይለወጣል?

ጎንደር ላይ ጥር ሲቃረብ ማተሚያ ቤቶች ይጨናነቃሉ። የሰፈር ልጆች ለጥምቀት ቲሸርት ያሳትማሉ። ማኅበራት ባነር ያዛሉ። ጥር የሠርግ ወር ነውና የጥሪ ካርድ የሚያሳትመውም ብዙ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ፦ «ኧረ ስልኬ ላይ እንዲህ አልነበረም!»

እኔም ብያለሁ። የእህቴን የጥሪ ካርድ ያሳተምኩት እኔ ነበርኩ። የመረጠችው ቀለም ደማቅ ሰማያዊ ነው። የሚዜዎቹ ክራባት ሳይቀር እሱን ተከትሎ ተገዝቷል። ካርዱ ሲመጣ ግን ሐምራዊ ሆኗል። 300 ካርድ። ሠርጉ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እህቴ አንዱን ካርድ አገላብጣ አየችውና ምንም ሳትናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ «ቀለም ቆጥበውብን ነው» ብዬ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄጄ ተጣላሁ።

ማንም ቀለም አልቆጠበብንም። ጥፋቱ የተሠራው ፋይሉ ገና ከኮምፒውተሬ ሳይወጣ ነው። ያን ጊዜ ማንም ቢያስረዳኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው ዛሬ የምጽፈው።

ስክሪን ላይ የማየው ቀለም ምንድን ነው?

ብርሃን ነው። የስልካችሁ ስክሪን በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች የተሞላ ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ነጭ ገጽ ክፈቱና በጣታችሁ ጫፍ አንዲት የውኃ ጠብታ ጣል አድርጉበት። ጠብታዋ እንደ አጉሊ መነጽር ሆና ሦስቱን ለያይታ ታሳያችኋለች። ይህ አሠራር አርጂቢ ይባላል። የሦስቱ ቀለማት የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው።

እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይታዘዛል። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ። ቀይና አረንጓዴ አብረው ሲበሩ ቢጫ ይሆናሉ። በዚህ መንገድ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቅልቅል ይወጣል። ለምን ሦስት ብቻ? ዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ስለሆኑ ነው። ስክሪን የተሠራው በእኛ ዓይን ልክ ነው።

ወረቀት ላይስ?

ወረቀት አያበራም። የፀሐይ ወይም የአምፖል ብርሃን ያርፍበታል። ቀለሙ ከብርሃኑ የተወሰነውን ይውጣል፤ የተረፈው ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ሳያን የሚባለው ውኃ ሰማያዊ ቀለም ቀዩን ብርሃን ይውጣል። ማጄንታ የሚባለው ደማቅ ሮዝ አረንጓዴውን ይውጣል። ቢጫው ሰማያዊውን። ሦስቱ ሲደራረቡ ጥቁር መስጠት ነበረባቸው፤ የሚወጣው ግን ድፍርስ ያለ ቡናማ ነው። ለዚህ ነው ጥቁር ለብቻው የሚጨመረው። አራቱ አንድ ላይ ሲኤምዋይኬ ይባላሉ።

እንዲህ አስቡት። ጨለማ ቤት ውስጥ ጧፍ ስታበሩ አንድ በጨመራችሁ ቁጥር ቤቱ ይደምቃል። ስክሪን እንደዚያ ነው። መስኮት ላይ ነጠላ ስትሰቅሉ ግን አንድ በደረባችሁ ቁጥር ቤቱ ይጨልማል። ሕትመት እንደዚህ ነው። አንድን ምስል ከስልክ ወደ ወረቀት መውሰድ ማለት በጧፍ የተሠራውን በነጠላ እንደ መሥራት ነው። መሃል ላይ የሚያስተረጉም ነገር ያስፈልጋል። የቀለም ጣጣ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ትርጉም ላይ ነው።

ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ቀለሙ ለምን ይለያያል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዲዛይነሩ «አረንጓዴያችን 0፣ 140፣ 70 ነው» ይላል። ቁጥር ስለሆነ የማያሻማ ይመስላል። ግን ያ ቁጥር ቀለም አይደለም፤ ለመሣሪያው የተሰጠ ትእዛዝ ነው። «አረንጓዴውን እስከ 140 አብራ» ይለዋል። የአንዱ ስልክ አረንጓዴ ከሌላው ስልክ አረንጓዴ ጋር አንድ ስለመሆኑ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

ድሮ ጨርቅ በክንድ ይለካ ነበር። ነጋዴው «አራት ክንድ» ሲል የማን ክንድ ነው? ረጅም ሰው ለክቶ የቆረጠውና አጭር ሰው ለክቶ የቆረጠው እኩል አይሆንም። ቁጥሩ ግን ያው አራት ነው። ገዢና ሻጭ የሚግባቡት ከሁለቱም ክንድ ውጪ የሆነ መለኪያ ሲኖር ነው። ሜትር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ቀለምም ሜትር ያስፈልገው ነበር።

ያ ሜትር የተገኘበት መንገድ ደስ ይለኛል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዴቪድ ራይትና ጆን ጊልድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ተመሳሳይ ሙከራ አደረጉ። ለተመልካቹ በአንድ በኩል አንድ ቀለም ያለው ብርሃን ይታየዋል። በሌላ በኩል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች አሉ። ተመልካቹ ሁለቱ ወገን አንድ እስኪመስሉት ድረስ ሦስቱን መብራቶች ያስተካክላል። ከዚያ የእያንዳንዱ መጠን ይመዘገባል። ራይት 10 ሰው፣ ጊልድ 7 ሰው አሳተፉ። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1931 እ.ኤ.አ. የቀለም መለኪያውን ያወጣው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዛሬ በስልካችንና በፕሪንተራችን ውስጥ ያለው የቀለም ስሌት ሥሩ የእነዚያ 17 ሰዎች ዓይን ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮሚሽኑ ላብ የሚባለውን ለሥራ የሚቀል አቆጣጠር አወጣ። ላብ ስለ መሣሪያ አያወራም። የሚነግረን የሰው ዓይን የሚያየውን ነው።

አሁን የቀረው እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ክንድ በሜትር እንዲናገር ማድረግ ነው። «የእኔ ክንድ 47 ሳንቲ ነው» የምትል ቁራጭ ወረቀት በሉት። በቀለም ዓለም ይህች ቁራጭ ወረቀት ፕሮፋይል ትባላለች። አሠራሯን የደነገገው በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የቀለም ጥምረት፣ አይሲሲ ነው። ስክሪኑ ፕሮፋይል አለው፤ ፕሪንተሩም አለው፤ ፋይሉም ይዞ መሄድ አለበት። ሶፍትዌሩ የፋይሉን ቁጥር በፋይሉ ፕሮፋይል አንብቦ ወደ ላብ ይለውጠዋል። ከዚያ ላቡን በፕሪንተሩ ፕሮፋይል ወደ ፕሪንተሩ ቁጥር ይመልሰዋል።

ፕሮፋይል የሌለው ፋይል ማለት እንግዲህ የማን ክንድ እንደሆነ ያልተነገረ አራት ክንድ ነው። ማሽኑ ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ኤስአርጂቢ በሚባለው ላይ ያርፋል። ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ የጋራ ክንድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምስል አብዛኛው በእሱ ነው። ስለዚህ ዲዛይን ስታስቀምጡ «ፕሮፋይሉ ከፋይሉ ጋር ይሁን» የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። ትንሽ ናት፤ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል።

ስልኬ የሚያሳየው ሁሉ ሊታተም ይችላል?

አይችልም። የእህቴ ካርድ ያጋጠመው ይኸው ነው።

እያንዳንዱ መሣሪያ የሚደርስበት የቀለም ክልል አለው። ስክሪን የሚያሳያቸው አንዳንድ ቀለማት ከአራቱ የሕትመት ቀለማት ክልል ውጪ ናቸው። በተለይ የሚያበራ የሚመስለው አረንጓዴ፣ ደማቁ ብርቱካንማና ጥልቁ ሰማያዊ። በዓለም ላይ ምርጡን ማሽን ብታመጡ እነዚህን በተለመደው አራት ቀለም አያወጣቸውም።

ታዲያ ክልሉ ውስጥ የሌለው ቀለም ሲመጣ ምን ይደረጋል? አገራችን የአዝማሪ አገር ናትና በእሱ ልግለጸው። አዝማሪ የሌላ ሰው ዘፈን ሲጫወት ድምፁ የማይደርስበት ከፍታ ቢገጥመው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ዘፈኑን በሙሉ ዝቅ አድርጎ ይጀምረዋል። ያኔ የዜማው ዝምድና አይበላሽም፤ ሁሉም ግን ትንሽ ዝቅ ይላል። ወይም የሚደርስበትን እንዳለ ይዘፍንና ያቺን ከፍታ ብቻ ድምፁ በሚችለው ጫፍ ላይ ያቆማታል። ሶፍትዌሩም እነዚህ ሁለት ምርጫዎች አሉት። የመጀመሪያው ፐርሴፕቹዋል ይባላል፤ ለፎቶ ብዙ ጊዜ ይስማማል። ሁለተኛው ሬላቲቭ ኮሎሪሜትሪክ ይባላል፤ ለሎጎና ለጽሑፍ ይሻላል። ፎቶሾፕ ውስጥ ሁለቱንም ታገኟቸዋላችሁ።

ወደ ሰማያዊው ልመለስ። ሕትመት ላይ ሰማያዊ የሚሠራው ከሳያንና ከማጄንታ ነው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ የሚወጣው ሰማያዊ አይደለም፤ ሐምራዊ ነው። እኔ ያዘጋጀሁት ፋይል ስክሪን ላይ የሚያምረውን 0፣ 0፣ 255 ይዞ ሄደ። ሲቀየር ማጄንታው በዛ። የተጣላሁት ሰውዬ መልስ አልሰጠኝም። ዝም ብሎ ከመሳቢያው አንድ የቆየ የሕትመት ወረቀት አወጣ። በላዩ ላይ ከሐምራዊ እስከ ሰማያዊ የተደረደሩ ቁርጥራጭ ቀለማት አሉ።

«ወንድምዓለም፣ የትኛው ነው እህትህ የፈለገችው?» አለኝ።

አንዱን አሳየሁት። ሳያኑ 100 በመቶ፣ ማጄንታው 65 በመቶ ነበር። ማጄንታው ቢያንስ በ30 ከሳያኑ ዝቅ ካላለ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፤ ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ካርዱ በአራት ቀን እንደገና ታተመ። የስልኩን ያህል አይበራም። ግን ሰማያዊ ነው።

አንድ ሌላ መንገድ አለ። ቀለሙን ከአራቱ ከመቀላቀል ይልቅ አስቀድሞ ተበጥብጦ የተዘጋጀ አንድ ቀለም መጠቀም ነው። ፓንቶን የተባለው ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ቀለማት ቁጥር ሰጥቶ በማራገቢያ መልክ አሳተማቸው። ጎንደር ያለው ሰውና አዲስ አበባ ያለው ሰው አንድ ቁጥር ጠርተው አንድ ቀለም ያያሉ። ለኦፍሴት (ቀለሙ ከሰሌዳ ተነሥቶ ወረቀት ላይ ለሚያርፍበት) ሕትመት ጥሩ ነው። ባነር የሚያወጡት ማሽኖች ግን ብዙዎቹ ያን ቀለም የሚያስመስሉት በያዙት ቀለም ነው፤ ስለዚህ እዚያ ቁጥሩን መጥራት ብቻ አይበቃም።

ማተሚያ ቤቱስ ምንም ጥፋት የለበትም?

አንዳንዴ አለበት። ቀለም የሚረጨው የማሽኑ ራስ ሲደፈን ወይም ለአንድ ወረቀት የተዘጋጀ ፕሮፋይል ለሌላው ሲውል ቀለም ይዛባል። ይህ የእነሱ ኃላፊነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልዩነቱን የሚያመጣው የሚታተምበት ነገር ራሱ ነው።

የሚያብረቀርቅ ወረቀት ቀለሙን ላዩ ላይ ይይዘዋል፤ ይደምቃል። ተራ ወረቀት ይጠጣዋል፤ ይደበዝዛል፤ ነጥቦቹም ስለሚሰፉ ይጠቁራል። የወረቀቱ ነጭነት ራሱ አንድ አይደለም። አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ክሬም ያደላል፤ ያ ደግሞ በላዩ ያለውን ቀለም ሁሉ ይጎትተዋል። ባነር፣ ስቲከር፣ ቲሸርት፣ ኩባያ ሁሉም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሰብሊሜሽን የሚባለውማ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሲወጣ ፍዝዝ ያለ ነው፤ በሙቀት ተጭኖ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ነው የሚደምቀው። ወረቀቱን ዓይታችሁ እንዳትደነግጡ።

ጥቁርም የራሱ ጉዳይ አለው። ጥቁር ቀለም ብቻውን በሰፊው ሲታተም ጠቆር ያለ ግራጫ ይመስላል። ጥልቅ እንዲሆን ከሌሎቹ ጥቂት ይጨመርበታል። ለትናንሽ ፊደላት ግን ጥቁር ብቻውን ይሁን፤ አለዚያ አራቱ ቀለማት ትንሽ ሲዛነፉ ጽሑፉ ጥላ ያወጣል።

ብርሃኑ ምን አገባው?

እናቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ለቀሚስ ጥለት የሚሆን ክር ሲመርጡ ሱቁ ውስጥ አይወስኑም። «እስኪ ደጅ አውጥቼ ልየው» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ሁለት ቀለማት በአንድ መብራት ሥር አንድ ሊመስሉ፣ በሌላ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ። ቀለሞቹ የተሠሩበት ነገር የተለያየ ስለሆነ የሚውጡትና የሚመልሱት ብርሃን አንድ አይደለም። አምፖሉ የጎደለው ብርሃን ካለ ልዩነቱ ይደበቃል። ፀሐይ ሲመጣ ይጋለጣል። ሳይንሱ ሜታሜሪዝም ይለዋል።

ለዚህ ሲባል የሕትመት ባለሙያዎች ቀለም የሚያነጻጽሩት 5000 ኬልቪን በሆነ ብርሃን ሥር እንዲሆን ተስማምተዋል። ኬልቪን እዚህ ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚለካ ቁጥር ነው፤ ዝቅ ሲል ወደ ቢጫ፣ ከፍ ሲል ወደ ሰማያዊ ያደላል። የጥንቱ ክር አምፖል ወደ 2700 ነው። ስክሪኖች የሚስተካከሉት በ6500 ነው። ልዩ መብራት የሌለው ሰው ቀትር አካባቢ በር ላይ፣ በጥላ ውስጥ ሆኖ ያወዳድር። ቀጥታ ፀሐይ ሥር ግን አይሁን፤ ዓይን ያጭበረብራል።

ስልኬን ልመነው?

ለጽሑፍ እመኑት። ለቀለም ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ነገር አጥፉ። የማታ ብርሃን የሚባለው ስክሪኑን ቢጫ ያደርገዋል። ቀለም የሚያደምቀው ምርጫ ሁሉንም ያጋንናል። ብርሃኑ እስከ ጫፍ ከተከፈተ ደግሞ የታተመው ሁሉ ጨለማ ይመስላችኋል። «ጠቆረብኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ካሜራውም ይገምታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች በሁለት ስልክ ብታነሡ፣ አንዱ ቀዩን ወደ ብርቱካንማ፣ ሌላው ወደ ቡናማ ሊወስደው ይችላል። ስልኩ የክፍሉን ብርሃን ገምቶ ነጩን ስለሚያስተካክል ነው። የፋሲል ግቢ ድንጋይም በአንዱ ፖስትካርድ ግራጫ፣ በሌላው ማር የመሰለ ነው። ለቅርስ መጽሐፍ ወይም ለብሮሸር የምታነሡ ከሆነ፣ እባካችሁ በመጀመሪያው ፎቶ ውስጥ ግራጫ ካርድ አስገቡ። በኋላ ሁሉም ፎቶ በእሱ ይስተካከላል። የዚያን ሥዕል ትክክለኛ ቀለም መጽሐፍ ላይ ብቻ የሚያየው ሰው ብዙ ነው፤ አሳስተን ልናሳየው አይገባም።

ሥራዬ ብሎ ዲዛይን ለያዘ ሰው የስክሪን መለኪያ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ እውነተኛውን ቀለም ያነብና ለዚያ ስክሪን ፕሮፋይል ይሠራለታል። ስክሪን ከጊዜ ብዛት ስለሚለወጥ በየወሩ አካባቢ ይደገማል። ሦስት አራት ዲዛይነሮች ተዋጥተው አንድ ቢገዙ ለሁሉም ይበቃል።

ማተሚያ ቤት ስሄድ ምን ላድርግ?

ቴሌግራም ላይ ዲዛይኑን ፎቶ አድርጋችሁ አትላኩ፤ ጥራቱን ይቀንሰዋል። «ፋይል» በሚለው ላኩት፤ ከተቻለ ፒዲኤፍ ይሁን። የማሽናቸውን ፕሮፋይል እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ካላቸው እናንተው ስክሪን ላይ ሕትመቱ ምን እንደሚመስል አስቀድማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር ይህን ያሳያሉ።

ከሁሉም በላይ ግን በሚታተምበት ነገር ላይ፣ በሚያትመው ማሽን፣ ትንሽ ናሙና አውጡ። ሙሉውን ባነር ማውጣት አያስፈልግም። ዋናው ቀለም ያለበት የእጅ መዳፍ ያህል ቁራጭ ይበቃል። ክፍያ ቢጠይቁ ክፈሉ፤ 300 ካርድ ደግሞ ከማሳተም ይረክሳል። በር ላይ ወጥታችሁ እዩት። ከተስማማችሁ ጀርባው ላይ ፈርሙ፤ ቀን፣ ማሽኑንና የወረቀቱን ዓይነት ጻፉ። አንዱን ለእነሱ፣ አንዱን ለእናንተ። ከዚያ በኋላ ክርክር ቢነሣ የሚፈርደው ቁራጩ ነው።

«ያው ነው» ማለት ግን ምን ያህል ያው ማለት ነው? ለዚህም መለኪያ አለ፤ ዴልታ ኢ ይባላል። የሁለት ቀለማት ርቀት ነው። 1 አካባቢ ከሆነ የሠለጠነ ዓይን እንኳ በችግር ነው የሚለየው። 2 ወይም 3 ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይታያል። ከ5 በላይ ማንም ያየዋል። ዜሮ የሚገኝበት ማሽን የለም። ስለዚህ የምትደራደሩት ስለ ቅርበቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ከተሰቀለው ባነር ጋር ላመሳስለው?

አይሆንም። ይህን የማነሣው በየዓመቱ ስለማየው ነው። ማኅበሩ ካምናው ባነር ጥግ ቆርጦ «እንደዚህ ይሁንልን» ብሎ ያመጣል። ያ ባነር ግን ወራት ፀሐይ ላይ ከርሟል። ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ብዙ ጊዜ ቢጫውንና ማጄንታውን ነው። የሚተርፉት ሳያኑና ጥቁሩ ናቸው፤ የቆዩ ፖስተሮች ሁሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉት ለዚህ ነው። ያን ተከትላችሁ ካተማችሁ አዲሱ ባነር አርጅቶ ይወለዳል። የተፈረመበትን ቁራጭ ብርሃን በማይገባው ፖስታ ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና ለሚቀጥለው ጥር እሱን ይዛችሁ ሂዱ።